ስለ መኪና አላርም ጠይቁ፤ ኤሌክትሪሺያን ይመልሳል

መተዳደሪያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው። አዲስ አላርም እገጥማለሁ፣ ሌሎች የገጠሙትንም ፈትቼ አስተካክላለሁ፤ ከሁለቱ የሚበዛው ሁለተኛው ነው። የቱን ልግዛ፣ ለምን ይጮኻል፣ ለምን አይጮኽም የምትሉ ሁሉ ጠይቁ። የዋጋ ጥያቄ ግን አልመልስም፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ዋጋ ሶማሌ ተራ እስክትደርሱ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄ፦ የ2003 ቪትዝ አለኝ። ግቢ ስለሌለን መንገድ ዳር ነው የሚያድረው። የትኛውን አላርም ትመክረኛለህ?

መልስ፦ መጀመሪያ አንተ ንገረኝ፤ የምትፈራው መኪናው ተነድቶ እንዳይሄድ ነው ወይስ ዕቃው እንዳይፈታ? ካርቶኑ ላይ ያለው ማስታወቂያ ሁለቱን አይለይም፣ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። በዚያ ዘመን ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ርካሽ ቪትዞች ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር የላቸውም። ቁልፉ ውስጥ መኪናው የሚያውቀው ቺፕ ስለሌለ፣ የቁልፉን ማስገቢያ ሰብሮ ማዞር የቻለ ሁሉ ሞተሩን ያስነሣዋል። ስለዚህ ላንተ ከሳይረኑ ይልቅ ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሣው) የሚሄደውን ሽቦ የሚያቋርጠው ሪሌ ይበልጣል። ተገጥሞ ሲያልቅ ባለሙያው እዚያው እያለ ፈትነው። መኪናው ውስጥ ተቀመጥ፣ በሩን ዝጋ፣ በሪሞት ቆልፈው፣ ጩኸቱን ችለህ በራስህ ቁልፍ ለማስነሣት ሞክር። ሞተሩ ከተነሣ የከፈልከው ለጡሩምባ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና በሪሞት ሲቆለፍ ፍሬቻው ብልጭ ይላል። አላርም አለኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ሴንትራል ሎክ፣ ማለትም በሮቹን በአንድ ላይ የሚቆልፈው፣ ብቻ ሊሆን ይችላል እህቴ። አንዱን መስታወት ዝቅ አድርገሽ ቆልፊው፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ ከዚያ እጅሽን በመስኮት አስገብተሽ በሩን ከውስጥ ክፈቺው። ዝም ካለ አላርም የለሽም።

ጥያቄ፦ ቦሌ አቁሜ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ላፕቶፔ የለም። መስታወት አልተሰበረም፣ በርም አልተፈለቀቀም። በሪሞት መቆለፌን እርግጠኛ ነኝ። ጥሩ አላርም ቢኖረኝ ይተርፍ ነበር?

መልስ፦ ሪሞቱን መጫንህን አምናለሁ። መኪናው መቆለፉን ግን አይተሃል? አብዛኞቹ ሪሞቶች በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርዝ ነው የሚልኩት። አጠገብህ የቆመ ሰው በዚያው ሞገድ ላይ ሌላ ምልክት ከለቀቀ ያንተ ትእዛዝ መኪናው ጋ አይደርስም። አንተ ቁልፉን ኪስህ ከትተህ ትሄዳለህ፣ እሱ በሩን እንደ ባለቤት ከፍቶ ይገባል። ያልበራ አላርም ደግሞ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይጮኽም። መከላከያው ነጻ ነው፦ የፍሬቻውን ብልጭታ ተመልከት፣ እጀታውን ስበህ አረጋግጥ፣ ከዚያ ሂድ።

ሁለተኛው መንገድ የሪሞቱን ምልክት ቀድቶ መልሶ መላክ ነው። በጣም ርካሾቹ አላርሞች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ ስለሚልኩ አንድ ጊዜ የቀዳ ሰው እንደፈለገ ይከፍታል። ከነሱ የሚሻሉት በተጫኑ ቁጥር ኮዱን ይቀይራሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የማይደፈሩ አይደሉም። ሳሚ ካምካር የተባለ አሜሪካዊ የደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ላስ ቬጋስ ላይ፣ ምልክቱን አፍኖ እየቀዳ ያልተጠቀሙበትን ኮድ የሚያስቀር ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ አሳይቷል። ከሁሉም የሚሻለው መኪናው በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ልኮ ሪሞቱ በምስጢር ቁልፍ የሚመልስበት ዓይነት ነው፤ የተቀዳው መልስ ለሚቀጥለው ጥያቄ አይሆንም። ሻጩን «ኮዱ ይቀያየራል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ጥያቄው ካልገባው ሱቅ ቀይር።

ጥያቄ፦ ነጎድጓድ ሲሆን፣ ሲኖትራክ ሲያልፍ፣ ድመት ኮፈኑ ላይ ስትዘል ይጮኻል። ጎረቤት ሰላም ማለት ትቶናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የንዝረት ሴንሰሩ ላይ በትንሽ ብሎን የሚዞር ማስተካከያ አለ፤ በአዳዲሶቹ በስልክ ይስተካከላል። ገጣሚው ብዙ ጊዜ ለደንበኛ ደስታ ብሎ ጫፍ ላይ ይተወዋል። በሩን በመዳፍ መታ ስታደርጉት አጭር ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ በቡጢ ስትመቱት ሙሉ ጩኸት እስኪሰጥ ዝቅ አስደርጉት። ሴንሰሩ ከመኪናው አካል ጋር በደንብ መታሰሩንም እዩ። በሽቦ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሲያሻው ይጮኻል፣ ሲያሻው ይተኛል። በየሌሊቱ የሚጮኽ አላርም ሲጮኽ ማንም በመስኮት ብቅ ብሎ አያይም፤ ሌባው ሲመጣም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስና አላርም አንድ ላይ አስገጠምኩ። አሥር ቀን ጎንደር ከርሜ ስመለስ ባትሪው ሞቶ ጠበቀኝ። ባትሪው አዲስ ነው።

መልስ፦ ሒሳቡን እንሥራው። 20 ሚሊአምፒር የሚስብ አላርም በቀን ግማሽ አምፒር ሰዓት የማይሞላ ይበላል። 45 አምፒር ሰዓት ያለው ጤነኛ ባትሪ ግማሹ እስኪያልቅ አንድ ወር ተኩል ያህል ይወስዳል። የማይተኛ ጂፒኤስ ተጨምሮበት ጠቅላላው 120 ሚሊአምፒር ከደረሰ ግን በቀን ወደ 3 አምፒር ሰዓት ይጠጋል፤ በስምንት ቀን ያህል ግማሹ ሄደ ማለት ነው። አሥረኛው ቀን ላይ ሞተሪኖ «ጠክ» ብሎ ቢቀር አይገርምም።

ባለሙያው ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መሀል አድርጎ ይለካልህ። በሮቹ ተዘግተው፣ አላርሙ በርቶ፣ የመኪናው ኤሌክትሮኒክስ እስኪተኛ ተጠብቆ ነው የሚለካው። ቴስተሩ እንደታሰረ ሞተር ለማስነሣት የሚሞክር ካየህ አስቁመው፤ ቴስተሩን ያቃጥላል። ጂፒኤሱ መኪናው ሲቆም የሚተኛበት ማስተካከያ ካለው አስከፍተው፤ ከሌለው ቀይረው።

ጥያቄ፦ አላርሜ ከስልኬ ሞተሩን የማጥፋት ነገር አለው። ተሰርቆ እየተነዳ ሳለ ባጠፋውስ?

መልስ፦ እንዳታደርገው። በሩጫ ላይ ያለ ሞተር ሲጠፋ የመሪው አጋዥ ይጠፋል፣ ፍሬኑም ከጥቂት መርገጥ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። የቀለበት መንገድ ላይ ከሆነ የሚሞተው ሌባው ብቻ አይደለም። ትእዛዙ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዳግም ማስነሣትን ብቻ እንዲከለክል ይገጠም። ቦታውንም ለፖሊስ ስጥ፣ ብቻህን አትሂድ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው። የ2017 ሀዩንዳይ ኤላንትራ፣ በቁልፍ የሚነሣ። ሰፈራችን ሁለት ተሰርቋል። ቫይፐር የሚባለውን አላርም ላስገጥም?

መልስ፦ ያንቺ ጉዳይ የታወቀ ነው። ከ2011 እስከ 2022 አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ በቁልፍ የሚነሡ ብዙ ሀዩንዳይና ኪያዎች ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም፤ አሰራረቁም በቲክቶክ ሲዞር ልጆች ሁሉ ተማሩት። በየካቲት 2023 ኩባንያዎቹ ነጻ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጡ፤ የሚመለከተው 8.3 ሚሊዮን ያህል መኪና ነበር። ጩኸቱን ከ30 ሰከንድ ወደ አንድ ደቂቃ ያራዝማል፣ ያለ ቁልፍ እንዳይነሣም ያደርጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ አከፋፋዩ ሂጂና እንደተሠራለት አረጋግጪ። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ መከላከያው የሚሠራው በሪሞቱ ስትቆልፊ ነው። ከዚያ ደማቅ ቀለም ያለው የመሪ መቆለፊያ ብረት ግዢ፤ ሌባው በመስታወት አይቶ ወደ ሌላው እንዲያልፍ። ቫይፐር ሦስተኛ ይምጣ። (መኪናውን የሚጠጋውን ሰው «ራቅ በል» የሚለው የድሮው የቫይፐር ድምፅ የኩባንያው መሥራች የዳረል አይሳ ነው፤ ኋላ የካሊፎርኒያ የኮንግረስ አባል ሆነዋል።)

ጥያቄ፦ የሕዝብ ማመላለሻ ሃይሩፍ ነው የምሠራበት። ማለዳ ከቤት ሆኜ በሪሞት ሞተሩን የሚያስነሣ አላርም አየሁ።

መልስ፦ ካምቢዮህ በእጅ የሚቀያየር ከሆነ ይቅርብህ። አንድ ቀን ማርሽ ውስጥ ትተኸው ብትተኛ፣ ማለዳ ሪሞቱን ስትጫን መኪናው ሰው አልባ ወደፊት ይዘላል።

ጥያቄ፦ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። አንድ ጋራዥ አላርም እንግጠምልዎ አሉኝ። ላስገጥም ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከ2024 ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ በርትቶብኛል። የእርስዎ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ስለዚህ «ሞተሪኖውን እንቆርጣለን» የሚል ሰው ከመጣ መኪናውን እንደማያውቀው ይረዱ። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ እንደ ሌላው መኪና አለ፣ አላርምም ከእሱ ላይ ነው የሚገጠመው። ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ግን ማንም አይንካ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው ያለባቸው። አብዛኞቹ ከፋብሪካ አላርምና ኢሞቢላይዘር ይዘው ይመጣሉ። እኔ ብሆን ዋስትናው እስኪያልቅ ሽቦ አላስቆርጥም ነበር።

ጥያቄ፦ ስፖኪዮ ሁለት ጊዜ ተሰረቀብኝ። ለእሱ የሚሆን አላርም የለም?

መልስ፦ የለም። መስታወቱ በሰከንዶች ወጥቶ ሳይረኑ ሲጀምር ሌባው ጥግ ዞሯል። በብሎን አስጠብቀው፣ የታርጋ ቁጥርህን መስታወቱ ላይ አስቀርጽ፤ ተቀርጾበት የሚገዛው ሰው ያንሳል።

ጥያቄ፦ አላርሙን ገዝቻለሁ። ሲገጠም ምን ልከታተል?

መልስ፦ ይህ ከግዢው ይበልጣል። ሽቦው ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ በሙቀት ይላላል፤ አላርሙ ያብዳል፣ አንዳንዴም ሞተሩ መንገድ ላይ ይጠፋል። በእርሳስ ይበየድ፣ በቱቦ ይሸፈን። ሳይረኑ የራሱ ባትሪ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ የዋናው ባትሪ ገመድ ሲፈታ ዝም አይልም። ኮፈኑ ሲከፈት የሚጮኽበት ማብሪያም ይግባለት፤ ርካሽ ገጣሚ የሚዘላት እሷን ነው።

አላርሙን ለጊዜው የምታጠፋ ትንሽ ቁልፍም ከካርቶኑ ውስጥ አለች። ሁሉም ከመሪው በታች፣ ከፊውዝ ሳጥኑ ጎን ያስቀምጣታል፤ ሌባውም ይህን ያውቃል። ሌላ ቦታ አስደብቃት፣ የተደበቀችበትን አንተ እወቅ። በመጨረሻ የተመዘገቡት ሪሞቶች በሙሉ ተሰርዘው በእጅህ ያሉት ሁለቱ ብቻ ፊትህ እንደገና ይመዝገቡ። ሦስተኛ ሪሞት የማን እጅ ላይ እንዳለ አታውቅም።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የለኝም። ብልጭ የምትለዋን ቀይ መብራት ብቻ ብገጥምስ?

መልስ፦ ግጠም። ባትሪ አትበላም፣ ጎረቤትም አትረብሽም፤ ቸኩሎ የመጣውን ሌባ ታሳልፋለች። ሙያ ያለውን አታስቆምም። የመሪ መቆለፊያ ብረት መግዛት ከቻልክ ግን ከመብራቷ በፊት እሱን ግዛ።