የታላቅ ወንድሜ የሞተር ስትሮክ ስሌት ልክ መጣ፣ የኔ ለምን ተሳሳተ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የቶዮታ ዋን ኤንዜድ ሞተርን ስትሮክ፣ ማለትም ፒስተኑ ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ የሚሄደውን ርቀት፣ በስሌት ለማውጣት ሞክሬ ነበር፣ ቦሩ 75 ሚሊሜትር ነው፣ የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ይዘት 1497 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር። 1497ን ለ4 አካፈልኩና የመጣውን ደግሞ ለ3.1416 ሲባዛ በ7.5 ሲባዛ በ7.5 አካፈልኩት፣ 21.18 ሚሊሜትር ሆነብኝ። ታላቅ ወንድሜ ግን ለ4 ሳያካፍል 1497ን ቀጥታ ለዛው ቁጥር አካፍሎ 84.7 አገኘ፣ ማንዋሉም የሚለው 84.7 ነው። ለሲሊንደር ብዛት መካፈል የለበትም እንዴ? እሱ እንዴት ልክ መጣለት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መካፈልማ አለበት፣ እዛ ላይ ልክ ነህ። የሳትከው 7.5 ላይ ነው። ቦር ማለት የሲሊንደሩ ሙሉ ዲያሜትር ነው፣ በ3.1416 የምታባዛበት ቀመር ደግሞ የሚፈልገው ራዲየሱን፣ ማለትም ግማሹን 3.75ን ነው። ግማሽ በራሱ ሲባዛ ሩብ ስለሚሆን አንተ የሲሊንደሩን አፍ 4 እጥፍ አስፍተህ ነው ያካፈልከው፣ ለዛ ነው ስትሮክህ ሩብ የሆነው፣ 21.18ን በ4 አባዛውና እየው።

ታላቅህም እዛው ጋ ተሳስቷል፣ ግን ለ4 ማካፈሉን ስለዘለለው አንዱ ስህተት ሌላውን አጠፋለት። ይሄ ደግሞ ባለ 4 ሲሊንደር ላይ ብቻ ነው የሚሰራው፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ልክ የመጣለት ሰው መንገዱን አይጠራጠርም። ዋን ኤችዜድ የሚባለውን ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ይሞክርበት፣ ቦሩ 94፣ 4164 ሲሲ፣ በሱ መንገድ 150 ሚሊሜትር ይመጣለታል፣ እውነተኛው ግን 100 ነው።

ራዲየስ ውስጥ ላለመግባት እኔ 0.7854ን ነው የምይዘው፣ 3.1416 ለ4 ሲካፈል ማለት ነው፣ ቦሩን እንዳለ ትጠቀማለህ። ሲሲ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ቦሩን መጀመሪያ ወደ ሴንቲሜትር ቀይር። 7.5 ሲባዛ በ7.5 ሲባዛ በ0.7854 ይሆናል 44.18፣ 1497 ለ4 ደግሞ 374.25፣ ይሄን ለ44.18 ስታካፍል 8.47 ሴንቲሜትር፣ አለቀ። 1.3 የሚባለው ቱ ኤንዜድ እኮ ቦሩ ያው 75 ነው፣ የሲሲውን ልዩነት ያመጣው ስትሮኩ 73.5 መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ መኪናው ላይ የተጻፈውን 1.5 ወይ 1.6 ይዘህ አታስላ፣ የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ፎር ኤ ሞተር 1.6 ይባላል ግን 1587 ሲሲ ነው፣ በ1600 ብታሰላው ስትሮኩ 77 መሆኑ ቀርቶ 77.6 ይመጣብሃል። ከዚህ የሚብሰው ደሞ ሪቦር የተደረገ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ተጠርቦ የሰፋ ሞተር ነው፣ ሲሊንደሩ 75.5 ሆኖ ለክተኸው ሲሲውን ግን ከማንዋሉ 1497 ብለህ ከወሰድክ 83.6 ይወጣል፣ ስትሮኩን የሚወስነው ክራንክሻፍቱ ግን አልተነካም፣ ስትሮኩ ያው 84.7 ነው። ወይ ሁለቱንም ከማንዋሉ ውሰድ ወይ ተወው።

ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ወርዶ ከሆነማ ስሌትም አያስፈልግህም፣ ክራንክሻፍቱን በእጅ እያዞርክ ፒስተኑ ከላይ ጫፍ ሲደርስና ከታች ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ያለውን ጥልቀት በካሊፐር ለካ፣ ልዩነቱ ስትሮኩ ነው። ፒስተኑ ላይ ጉድጓድ ካለ ካሊፐሩን ሁለቴም አንድ ቦታ ላይ አሳርፈው።