ከቤት ወደ ሥራ በእግር መሄድ ለምን ለውጥ አላመጣም?

«ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ በየቀኑ 40 ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ስምንት ወር ቢሆነኝም ደረጃ ስወጣ ዛሬም ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ርምጃ ስፖርት አይሆንም ማለት ነው?» ብለው ለጠየቁት እኅታችን፣ ይህ ጥያቄ የእኔም ስለነበር ያየሁትን ላካፍልዎ። ርምጃ ስፖርት ይሆናል፤ የማይሆነው ሰውነት የለመደውን መንገድ በለመደው ፍጥነት ሲደጋግም ነው።

እኔ ከሽሮ ሜዳ እስከ አራት ኪሎ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እወርድና ማታ ደክሞኛል ብዬ በታክሲ እመለስ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ተመላልሼ ምንም ለውጥ ባለማየቴ በዕድሜዬ አሳብቤ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ቁልቁለት ላይ ልብና ሳንባ እምብዛም አይደክሙም፤ የጭን ጡንቻና ጉልበት ግን እንደ ፍሬን እየያዙ ስለሚወርዱ ይጎዳሉ። ስለዚህ ገለበጥኩት፤ ጠዋት በታክሲ ወርጄ ማታ ዳገቱን በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ኪሎ ሳልደርስ ሁለት ጊዜ ቆሜ አርፌያለሁ፤ በሦስተኛው ወር ግን ሳላቋርጥ ቤቴ እገባ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት ያለው እንቅስቃሴ ይመክራል። እርስዎ በአምስት የሥራ ቀናት 200 ደቂቃ ስለሚራመዱ ጊዜው አልጎደለዎትም፤ የጎደለው ጥረቱ ይመስለኛል። ነገ ሲሄዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚረግጡ ይቁጠሩ፤ ለአብዛኛው አዋቂ መካከለኛው ጥረት የሚጀምረው በደቂቃ 100 ርምጃ ግድም ሲሆን፣ እኔ ያን ጊዜ ስቆጥር 84 ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ልኩ ላይ ደርሰዋል። (ብዙዎች የሚጨነቁለት 10,000 ርምጃ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው፤ አልሞላም ብለው አይዘኑ።)

ዳገት ለሌለበት መንገድ በጃፓን የሺንሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት ዘዴ እጅግ ጠቅሞኛል። ሦስት ደቂቃ ሰው እንደቀጠረዎት ያህል ፈጥነው፣ ሦስት ደቂቃ ደግሞ ዝግ ብለው ይራመዳሉ፤ አምስት ጊዜ ሲደጋገም 30 ደቂቃ ይሞላል፤ ይህም በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን ነው። በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ባሉና በአረጋውያን ላይ ተሞክሮ የእግር ጡንቻን ሲያጠነክርና የደም ግፊትን ሲቀንስ ታይቷል። በፈጣኑ ሦስት ደቂቃ ርምጃዎን አያስረዝሙ፤ አጭር አድርገው ቶሎ ቶሎ ይርገጡ፤ ረጅም ርምጃ ተረከዝንና ጉልበትን ይመታል። ክንድ እንዲወዛወዝ ቦርሳዎን በጀርባ ይያዙ፤ የቢሮ ጫማዎን በውስጡ ከትተው በስፖርት ጫማ ይሂዱ።

ክብደትን በተመለከተ ግን ምግብ ሳይስተካከል ርምጃ ብቻውን ብዙ አይቀንስም። በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ ቢጨምሩበት ደረጃው ይበልጥ ይቀልልዎታል።

ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ካለ፣ ወይም ትንፋሹ በዝግታ ሲሄዱም የሚያጥር ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ይዩ። ደህና ከሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ዙር ብቻ ያድርጉ፤ ወር ሲሞላ ያንኑ ደረጃ ወጥተው ምን እንደተሰማዎት እዚሁ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።