በብርድ ስለመሮጥ ጠይቃችሁኛል

ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ጠዋት ስፖርት ነው። ሦስቱን መረጥኩ።

«የድሬ ልጅ ነኝ። ሥራ ሐረር አገኘሁ። እዚህ ጃኬት ደርቤ ስሮጥ እንኳን ይበርደኛል፤ ምን ልልበስ?»

እውነትህን ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ግን ከ1,800 ትበልጣለች፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ሙቀቱ አራት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወፍራሙን ጃኬት ተወው። ስስ ስስ ልብስ ደርብ፣ ከላይ ንፋስ የሚከለክል ይሁን። ከቤት ስትወጣ ትንሽ ከበረደህ ልክ ለብሰሃል፣ አስር ደቂቃ ስትሮጥ ይሞቅሃል። ብርድ ሰውን የሚመታው ሩጫውን ካቆመ በኋላ ነው፤ ላብ የጠጣ ካናቴራ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያወራ። እኔ ደረቅ ካናቴራ በፌስታል ይዤ እወጣለሁ፣ ገና ሳልቀመጥ እቀይራለሁ።

«አስም አለብኝ። ጀጎልን ዞሬ ሳልጨርስ ደረቴ ያፏጫል። ስፖርቱን ልተወው?»

እባክሽ አትተዪው፣ አጀማመርሽን ቀይሪ። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር ቧንቧን ያጠብበዋል፣ በአፍሽ ስትተነፍሺ ደግሞ ሳይሞቅ ቀጥ ብሎ ይገባል። ስለዚህ አፍና አፍንጫሽን በሻርፕ ሸፍኚ፤ ጨርቁ በትንፋሽሽ ረጠብ ሲል አየሩ ሞቆ ይገባል። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ተራመጂ፣ ከዚያ ሶምሶማ። ከሰልና እንጨት በሚቀጣጠልበት ሰዓት በጠባቡ መንገድ አትሩጪ፣ ጭሱ ከብርዱ ይብሳል። የሚነፋው መድኃኒት ኪስሽ ውስጥ ይሁን፣ ቤት ትተሽው አትውጪ። ከስፖርት በፊት መውሰድ ይኖርብሽ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ማፏጨት ከጀመረ ቁሚና መድኃኒቱን ውሰጂ፤ ካልተሻለሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል።

«አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው። በ11 ሰዓት ተነስተው ዳገት ይወጣሉ። ብንለምናቸው እምቢ አሉ።»

አትከልክሏቸው፣ ሰዓቱን አስቀይሯቸው። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ዳገቱ ሲደመርበት ልብ ብዙ ይደክማል። በ11 ሰዓት ደግሞ ጨለማ ነው፣ መብራት የሌለው ባጃጅ አያያቸውም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ሜዳ ሜዳውን ይጀምሩ። ኮፍያ ያድርጉ። ብርድ ጥማትን ስለሚቀንስ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ይውጡ። ደረታቸውን ከጨመደዳቸው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃቸው «ትንሽ ልረፍ» ቢሉም እሺ አትበሏቸው፣ ያን ጊዜውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።