ስለ ፈረንሳይኛው ኀላፊ ዘንድ አንቀጽ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ፈረንሳይኛው «ሲዩብዦንክቲፍ አምፓርፌ» ልትጠይቁኝ የፈለጋችሁትን ሁሉ እንድትጠይቁ ጋብዤ ነበር፤ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ። የፈረንሳይኛውን ቃል በእኛው ፊደል እጽፋለሁ። ሁለት ቃላት በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት ብቻ በሚለያዩበት ቦታ ግን የላቲኑን ሆሄ በፈረንሳይኛ ስሙ፣ ኤስ፣ ቴ፣ ዩ እያልኩ እጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ይህ አንቀጽ ከተለመደው ሲዩብዦንክቲፍ በምን ይለያል?

መልስ፦ የግዕዝ ሰዋስው የተማሩ አንባቢዎች «ዘንድ አንቀጽ» ሲባል ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። ቀደሰ፣ አመሰገነ፤ ይቄድስ፣ ያመሰግናል፤ ይቀድስ፣ ያመሰግን ዘንድ። የፈረንሳይኛው ሲዩብዦንክቲፍም እንደዚሁ የተፈጸመን ድርጊት ለመንገር ሳይሆን የተፈለገን፣ የተፈራን ወይም የተጠረጠረን ነገር ከሌላ ግስ ጋር አያይዞ ለመግለጽ የሚያገለግል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በጊዜ ላይ ነው። እኛ «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» እንላለን፤ «እንዲመጣ ፈልጌ ነበር» ስንልም «እንዲመጣ» ከሚለው ቃል አንዲት ፊደል አትለወጥም። በጥንቱ የፈረንሳይኛ ደንብ ግን ዋናው ግስ ወደ ኀላፊ ሲዞር ጥገኛው ግስም አብሮት ይዞራል። «ዠ ቨ ኪል ቭየን» ማለት እንዲመጣ እፈልጋለሁ ነው፤ «ዠ ቩሌ ኪል ቫን» ደግሞ እንዲመጣ እፈልግ ነበር። ይህ «ቫን» የሚለው ቃል ነው እንግዲህ ኀላፊው ዘንድ አንቀጽ። አማርኛ ተናጋሪ የሚቸገርበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ በገዛ ቋንቋችን በዚህ ቦታ ለውጥ ስለማንጠብቅ ዓይናችን ሳያየው ያልፋል።

ጥያቄ፦ ርባታውን መሸምደድ አቃተኝ። የሠንጠረዡ ብዛት ያስፈራል። መላ አለው?

መልስ፦ አለው፤ ያውም አንድም ግስ የማያፈነግጥበት። ይህ አንቀጽ የሚወለደው በጽሑፍ ብቻ ከሚያገለግለው የትረካ ኀላፊ፣ ማለትም ከ«ፓሴ ሳምፕል» ነው። የፓሴ ሳምፕሉን ሁለተኛ መደብ ነጠላ ይውሰዱ፤ ይህ ቅርጽ ሁልጊዜ በኤስ ይጨርሳል። ከኋላው ሌላ ኤስ እና ኧ ይጨምሩ፤ አንደኛ መደብ ነጠላ ተገኘ ማለት ነው። መናገር ከሚለው «ፓርሌ» «ቲዩ ፓርላ» ይወጣል፤ ከዚያ «ከ ዠ ፓርላስ»። ቀሪዎቹ መደቦች በቅደም ተከተል ፓርላስ፣ ፓርላ፣ ፓርላስዮን፣ ፓርላስዬ፣ ፓርላስ ይሆናሉ። ከስድስቱ አምስቱ በጽሕፈት ድርብ ኤስ አላቸው። ሦስተኛ መደብ ነጠላ ብቻ ድርብ ኤሱን ትቶ በአናባቢው ላይ ባርኔጣ መሰሏን ምልክት፣ ሲርኮንፍሌክሷን ይደፋና በቴ ይጨርሳል።

አናባቢዎቹ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። በኧር የሚጨርሱት ግሶች በሙሉ በአ ይሄዳሉ። እንደ «ፊኒር» (መጨረስ)፣ «ፕራንድር» (መውሰድ)፣ «ፌር» (ማድረግ) እና «ቯር» (ማየት) ያሉት በኢ፤ «ኤትር» (መሆን)፣ «አቯር» (አለኝ ማለት)፣ «ሳቯር» (ማወቅ) እና «ፑቯር» (መቻል) በዩ። አራተኛው ወገን መምጣት የሚለው «ቭኒር»፣ መያዝ የሚለው «ትኒር» እና ከሁለቱ የተወለዱት ግሶች ናቸው፤ በአፍንጫ በሚነገር ድምፅ «ቫንስ»፣ «ታንስ» ይላሉ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ትተው ፓሴ ሳምፕሉን ያጥኑ። ፓሴ ሳምፕል የሌለው ግስ፣ ለምሳሌ ማለብ የሚለው «ትሬር»፣ ይህም አንቀጽ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበትን አንድ ነገር ላንሣ። «ፊኒር» እና በእርሱ መንገድ የሚረቡት ግሶች በአሁኑም በኀላፊውም ዘንድ አንቀጽ «ፊኒስ»፣ «ፊኒስዮን» እያሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የሚለያዩት በሦስተኛ መደብ ነጠላ ብቻ ነው፤ የአሁኑ «ፊኒስ» ሲል ኀላፊው ባርኔጣውን ደፍቶ «ፊኒ» ይላል። በሌሎቹ መደቦች ዐረፍተ ነገሩን እንጂ ቃሉን አይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ባርኔጣዋ ከየት መጣች?

መልስ፦ በጥንቱ ጽሕፈት ከቴው በፊት ኤስ ነበረ። ድምፁ ከአንደበት ከጠፋ በኋላ ሆሄው ለብዙ ዘመን በወረቀት ላይ ቆየና በ1740 (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የታተመው የፈረንሳይ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ሦስተኛ እትም ብዙዎቹን እንዲህ ያሉ ዝምተኛ ሆሄያት በሲርኮንፍሌክስ ተካቸው። እኛ «ሆስፒታል» የምንለውን ፈረንሳዮች «ኦፒታል» ይሉታል፤ ባርኔጣዋ በኦው ላይ የተቀመጠችው እኛ ዛሬም በምንጠራው ኤስ ፋንታ ነው። በ1990 የወጣው የጽሕፈት ማሻሻያ ሲርኮንፍሌክሷ ከኢ እና ከዩ ላይ እንድትነሣ ሲፈቅድ በዚህ አንቀጽ ግን እንድትቀር አድርጓል፤ ብትነሣ ሁለት አናቅጽ ይደበላለቃሉና።

ጥያቄ፦ በንባብ ላይ ባርኔጣ ያለውን «ፊዩ» እና የሌለውን «ፊዩ» አምታታለሁ። ድምፃቸው አንድ ነው። እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ይህ ከሁሉ የሚጠቅም ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ። ሁለቱም «ኤትር» ከሚለው ግስ የመጡ ናቸው። ባርኔጣ የሌለው «ነበረ፣ ሆነ» ብሎ እውነቱን ይተርካል፤ ባርኔጣ ያለው በሌላ ግስ ወይም በመስተጻምር ሥር ያለ ነው። መለያው ዐረፍተ ነገሩን ወደ ብዙ ቁጥር መለወጥ ነው። «ኢል ፊዩር» የሚል ከወጣ ትረካ ነው፤ «ኢል ፊዩስ» የሚል ከወጣ ዘንድ አንቀጽ ነው። ጆሮ በነጠላው የማይሰማውን በብዙው ይሰማል።

በሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንየው። «ቢያን ኪል ፊዩ ታር፣ ኢል ፓርቲ» ማለት ምንም እንኳ ቢመሽም ሄደ ማለት ነው። «ቢያን ከ» ዘንድ አንቀጽን ስለሚያስከትል «ፊዩ» ባርኔጣ ይደፋል፤ «ፓርቲ» ግን ትረካ ስለሆነ ባዶ ራሱን ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። «አቫን ኪል ፊዩ ፓርቲ»፣ ከመሄዱ በፊት ሲባል ባርኔጣ አለ። «አፕሬ ኪል ፊዩ ፓርቲ»፣ ከሄደ በኋላ ሲባል ግን የለም። ከመሄዱ በፊት መሄዱ ገና ያልተፈጸመ ነገር ነው፤ ከሄደ በኋላ ግን መሄዱ አልቆ ያደረ እውነት ነው። የፈረንሳይ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ከ«አፕሬ ከ» በኋላ ባርኔጣዋን ሲያስገቡ ይገኛሉና እርስዎ ቢሳሳቱ ብቻዎን አይደሉም። እኔም በተማሪነቴ አንድ ረጅም ትረካ በእጄ ስገለብጥ ምልክቷን እንደ ጌጥ ቈጥሬ በየቦታው አልፌያት ነበር። በኋላ የራሴን ግልባጭ ሳነብ አንዲት እናት ልጇ እንዳይሞት የፈራችበት ቦታ ላይ ልጁ የሞተ መስሎኝ ደነገጥሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባርኔጣዋን ሳላይ ገጽ አልገልጥም።

ጥያቄ፦ ዛሬ በንግግር የሚጠቀምበት ሰው አለ?

መልስ፦ በዕለት ተዕለት ንግግር የለም ለማለት ይቻላል። የወለደው ፓሴ ሳምፕል ከአንደበት ሲወጣ ልጁም አብሮ ወጣ። በዚያ ላይ «ፓርላስዮን» የመሰሉት ረጃጅም ቅርጾች ለጆሮ ከባድ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እንደ «ስዩስዬ» ሌላ ግስ ስለሚመስሉ ተናጋሪው ይሸሻቸዋል። የላቲን ወንድሞቹ ግን በሕይወት አሉ። ጣሊያኖች «ፓርላሴ»፣ እስፓኞች «አብላሴ» የሚሉት ከዚያው ከአንድ የላቲን ቅርጽ የተወለደ ነው፤ ጣሊያንኛውን ዛሬም በገበያ ቢሰሙት አይገርምም።

ጥያቄ፦ ለፈተና ወይም ለሥራ ማመልከቻ ልጻፈው? ባልጽፈው ይቈጠርብኛል?

መልስ፦ አይቈጠርብዎትም። የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር ፌብሩዋሪ 1901 ባወጣው ድንጋጌ፣ ዋናው ግስ በ«ኮንዲስዮኔል»፣ ማለትም «ባደረገ ነበር» በሚለው ዓይነት አንቀጽ ሲሆን በኀላፊው ፋንታ የአሁኑን ዘንድ አንቀጽ መጻፍን ፈቅዷል፤ ዲሴምበር 1976 የወጣው ሌላ ድንጋጌ ደግሞ ፈቃዱን በፈተና ላይ ኀላፊ ዋና ግስ ላለበት ዐረፍተ ነገርም አስፍቶታል። ስለዚህ «ዠ ቩሌ ኪል ቭየን» ብለው ይጻፉ። ዋናው ግስ ሲለወጥ ጥገኛው ባለበት መቆየቱ ከአማርኛው «እንዲመጣ» ጋር ስለሚመሳሰል ለእኛ የቀለለ ነው። በጥንቱ ደንብ መጻፍ የሚወዱ ከሆነ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ብቻ ይወሰኑ፤ «ቫን»፣ «ፊዩ» እና «ዩ» በመልካም ጽሑፍ ውስጥ ዛሬም ያምራሉ፤ በማመልከቻ ላይ «ፓርላስዮን» ብሎ መጻፍ ግን አንባቢውን ያስደነግጣል። ምክሬ ለማንበብ ሁሉንም ይወቁ፣ ለመጻፍ ጥቂቱን ይምረጡ የሚል ነው።

ጥያቄ፦ «ዩ ኤቴ» የሚለው ከዚሁ ይመደባል? ሳነብ «ይሆን ነበር» የሚል ፍቺ ይሰጠኛል።

መልስ፦ በትክክል ይዘውታል። የ«አቯር» ወይም የ«ኤትር» ኀላፊ ዘንድ አንቀጽ ከሌላ ግስ ጋር ሲጣመር «ፕሊዩስ ከ ፓርፌ» ይባላል፤ በከፍተኛ ጽሑፍም ያልሆነን ነገር ለማሰብ ያገለግላል። «ሲል ዩ ስዩ፣ ኢል ፊዩ ቭኒዩ» የሚለውን ቃል በቃል ማዛመድ አያስፈልግም፤ የእኛው «ቢያውቅ ኖሮ በመጣ ነበር» ልክክ ይልለታል። በዚህ ቦታ «ዩ» እና «ፊዩ» ሁለቱም ባርኔጣቸውን እንደደፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባርኔጣዋን በስልክ እንዴት እጽፋታለሁ?

መልስ፦ በላቲኑ መጻፊያ አናባቢውን ተጭነው ይቆዩ፤ ከሚዘረዘሩት ምልክቶች መካከል ትገኛለች።

ጥያቄ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ላውቀው የሚገባኝ የትኛውን ነው?

መልስ፦ እንደ ተረት ቃል ደርቀው የቀሩትን። «ፊዩቲል ርዋ» ማለት ንጉሥም ቢሆን ነው፤ ግሱ ቀድሞ ባለቤቱ ሲከተል «ቢ... ም» የሚለውን የእኛን አነጋገር ተሸክሞ ይመጣል። «ነ ፊዩስ ከ» ቢያንስ፣ ለ... ያህል እንኳ የሚል ፍቺ አለው። «ዲዩቲል አን ሙሪር» ሲባል ደግሞ ሞት እንኳ ቢመጣበት ማለት ነው። እነዚህን ሦስቱን ዛሬም በጋዜጣ ያገኟቸዋል፤ በ«ፊዩቲል» እና በ«ዲዩቲል» የቴዋ ድምፅ ከተከታዩ ቃል ጋር ተያይዛ ትሰማለችና ጆሮዎን በእነርሱ ያለማምዱ።