ዳርክ ኢነርጂ እንጀራ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘንድሮ በፊዚክስ ትመረቂያለሽ። በከባድ የጋላክሲ ቡድኖች ዙሪያ ያሉ ጋላክሲዎች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ አይተሽ ዳርክ ኢነርጂን፣ ማለትም የዩኒቨርስን መስፋፋት የሚያፋጥነውን ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ቤተሰብ ደግሞ «ቴሌስኮፕ እንኳ ሳይኖርሽ ምን ልትሠሪ? ባንክ ተወዳደሪ» ይልሻል።

መጀመሪያ ቴሌስኮፑን እንተወው። ለዚህ ሥራ ከእያንዳንዱ ጋላክሲ የምትፈልጊው ሁለት ቁጥር ነው፤ ርቀቱና ፍጥነቱ። ሌሎች ለክተው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጠዋቸዋል። ፍጥነቱ ከብርሃኑ ይነበባል። የሃይድሮጂን ቀይ መስመር እዚህ ምድር ላይ 656.3 ናኖሜትር ነው። ከአንድ ጋላክሲ የመጣውን 657.0 ላይ ካገኘሽው፣ ጋላክሲው በሰከንድ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ እየራቀን ነው ማለት ነው። አበሳ የሚያሳየው ርቀቱ ነው።

እኛው ያለንበትን ቡድን ውሰጂ። ትልቋ ጎረቤት ጋላክሲያችን አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቃም ወደ እኛ ጋላክሲ፣ ወደ ፍኖተ ሐሊብ፣ እየመጣች ነው፤ ስበት ይጎትታታል። ከቡድኑ መሃል 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ግን መቅረቡም መራቁም ዜሮ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ትንንሽ ጋላክሲዎች ይሸሻሉ። ዜሮው የት ላይ እንደሚወድቅ፣ ከእሱ ውጪም ፍጥነቱ እንዴት እንደሚጨምር ሲታይ የቡድኑ ጉተታና የዳርክ ኢነርጂ ግፊያ ትግል ይነበባል። ችግሩ፣ የቡድኑን ክብደት በደንብ ካላወቅሽ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅትሻል። ጥሩ የማስተርስ ጥናት የሚወጣው እዚችው ጋ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት የጋላክሲዎቹን ፍጥነት ከርቀታቸው ጋር የሚያሳይ ግራፍ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ሥሪ። ሃምሳ ጋላክሲ ይበቃሻል። «ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚል ማመልከቻ ሞልቷል፤ ራሱ የሠራውን ግራፍ አያይዞ የሚልክ ግን ጥቂት ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፣ ሄደሽ እያቸው። ለዚህ ጥያቄ ግን ላፕቶፕሽ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

ባንኩንም አትናቂው። የተዘበራረቀ ዳታ ማጽዳትና ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን መናገር እዚያም ይፈለጋል። ቀን ደመወዝሽን እየሠራሽ ማታ ከጋላክሲዎችሽ ጋር ብታመሺ ምንም ነውር የለውም።

ግራፉን ስትጨርሺ ላኪልኝ። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የስህተት መጠኑን ማስመር እንዳትረሺ፤ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።