«ኮፊ» ከከፋ ነው የመጣው? የቃል መነሻስ እንዴት ይጣራል?

ጠያቂያችን «ኮፊ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከከፋ ስም የወጣ ነው ይባላል፤ እውነት ነው? እንዴትስ ይጣራል?» ብለዋል። ተክሉ፣ ማለትም ቡና፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ልጅ መሆኑ አያጠያይቅም። የስሙ መንገድ ግን ሌላ ነው። የከፋን ነገር እንደ ግምት የሚጠቅሱ መዝገበ ቃላት አሉ፤ ማስረጃው ግን ወደዚያ አይወስድም።

እንግሊዞች ቃሉን ያገኙት ከቱርክኛው «ካህቬ» ነው፤ መካከል ላይ የሆላንዶች «ኮፊ» እንዳለበት ይታመናል። ቱርኮች ከዐረብኛው «ቀህዋ» ወሰዱት። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1598 የታተመ፣ ከሆላንድ ቋንቋ የተተረጎመ የጉዞ መጽሐፍ ነው፤ እዚያ ላይ «ቻኡዋ» ተብሎ ነው የተጻፈው። «ፍ» የለበትም።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የዐረቦቹን «ው» ቱርኮች «ቭ» አደረጉት፤ አውሮፓ ሲደርስ ደግሞ «ፍ» ሆነ። ከከፋ ጋር የሚያመሳስለው ድምፅ የመጣው በመጨረሻ ነው ማለት ነው። ዐረብኛ የራሱ «ፋ» አለው፤ ቃሉን ከከፋ ሰምተው ቢሆን ኖሮ «ፍ»ን ወደ «ህ» እና «ው» የሚለውጡበት ምክንያት አልነበረም። በዚያ ላይ «ቀህዋ» ቡና መጠጣት ከመታወቁ በፊት የወይን ጠጅ ስም ነበር። ከፋዎችም ራሳቸው «ቡኖ» ነው የሚሉት፤ ዐረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። ዝምድና የሚፈልግ ሰው እዚህ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሌላ ቃል ስታጣሩም እንዲሁ አድርጉ። መጀመሪያ የኦክስፎርድን ትልቁን መዝገበ ቃላት፣ ካልተገኘ በነፃ የሚከፈተውን የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ድረ ገጽ ኢቲሞንላይን አይታችሁ ቃሉ በጽሑፍ የታየበትን የመጀመሪያ ዓመት ያዙ። ቀጥሎ የድሮ አጻጻፎቹን በዓመት ደርድሩ፤ የዛሬው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከዚያ ቃሉን ያቀበለውን ቋንቋ ፈልጉና በመካከላቸው ንግድ ወይም ጉርብትና እንደነበረ አረጋግጡ። አንዱ ሰንሰለት ከጎደለ መመሳሰሉ ብቻ ምንም አያረጋግጥም።

ከፊደላት ምህጻር ተፈጠረ የተባለን ቃል ደግሞ በጣም ተጠራጠሩ። «ኒውስ» (ዜና) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የአራቱ አቅጣጫዎች የእንግሊዝኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው የሚለው በየገጹ ይዞራል። ሐሰት ነው፤ «ኒው» (አዲስ) የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው። እንደ ራዳርና ሌዘር ያሉ እውነተኛ ምህጻር ቃላት በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ለነበረ ቃል እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገራችሁ መጀመሪያ ዓመቱን ተመልከቱ።

«ሳላሪ» (ደመወዝ) ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚነገረው የጨው ታሪክ ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። ቃሉ ጨው ከሚለው የላቲን ቃል መውጣቱ የታወቀ ነው፤ የሮም ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር የሚለውን ግን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ጽሑፍ የለም።