በድብቅ ላስጠምቃት ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ባለቤቴ ፕሮቴስታንት ነው። የተጋባነው በማዘጋጃ ቤት ነው። ያኔ የልጅ ነገር ሲነሳ «ሲመጣ እናየዋለን» ብለን ተውነው። አሁን ሴት ልጃችን ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ጤነኛ ናት፣ ጡትም በደንብ ትጠባለች። በ80 ቀኗ ክርስትና ላስነሳት እፈልጋለሁ። እሱ «ስታድግ ራሷ አምና ትጠመቃለች፤ ሕፃን ልጅ ውኃ ስለነካት አትድንም» ይላል። እናቴ «ለጥየቃ ብለሽ አዘዞ አምጫት፣ ሳይሰማ አስጠምቃታለሁ» ትለኛለች። አማቴም ኦርቶዶክስ ናቸው። «ልጄን አጥቻለሁ፣ የልጅ ልጄን ግን አላጣም» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ሌሊት እየተነሳሁ ትተነፍስ እንደሆነ አፍንጫዋ ሥር እጄን አደርጋለሁ። ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ? ባሌን እወደዋለሁ። በድብቅ ላስጠምቃት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። በድብቅ አታስጠምቂያት። ጥምቀቱን መቃወሜ አይደለም፤ ሃይማኖት የመምረጥ ሥልጣንም የለኝም። የምቃወመው ድብቁን ነው።

እስቲ አስቢው። ልጅሽ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣላታል። የክርስትና እናት ይኖራታል። ቄሱ ያውቃሉ፣ የእናትሽ ጎረቤት ያውቃል፣ አማትሽም መስማታቸው አይቀርም። አዘዞና ጎንደር ደግሞ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ ልጅቷን በክርስትና ስሟ ትጠራታለች፣ አባቷም አጠገቧ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ጠቡ ስለ ጥምቀት መሆኑ ያበቃል። «ስለ ልጄ የሚወሰነው እኔ በሌለሁበት ነው» የሚል ጠብ ይሆናል። ይሄኛውን ማስታረቅ በጣም ከባድ ነው። ልጅቷም ነፍስ ስታውቅ ከአባቷ ፊት የምትደብቀው ነገር ይኖራታል። በእናትና በአባት መካከል ምስጢር ይዘው ያደጉ ልጆችን በሥራዬ አገኛለሁ። ማንን ብወድ ማንን እከዳለሁ እያሉ ነው የሚያድጉት።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

አንዲት አራስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ ቢብሳት፣ ያለ ምክንያት ብታለቅስ የተለመደ ነው። አንቺ ግን ሁለት ወር እየሞላሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ ሴቶች መካከል 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና መታወክ ይገጥማቸዋል፣ በብዛትም ድብርት። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ጭንቀትም አብሮ ይመጣል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቷ ተኝታ፣ እናትሽ ይዘዋት፣ «አንቺ ግቢና ተኚ» ቢሉሽ እንቅልፍ ይወስድሻል? ያኔም ዓይንሽ ፈጦ የሚያድር ከሆነ የእምነት ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሰውነትሽም እርዳታ ይፈልጋል። ለ10 ሳምንት ክትባቷ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ፣ ልጅቷን ካስከተብሽ በኋላ ቁጭ በይና ለባለሙያዋ ሌሊቱን እንዳለ ንገሪያት። 10 ሳምንት ማለት 70 ቀን ነው። ከ80ኛው ቀን በፊት ይደርስልሻል። በምንም ምክንያት ራስሽን ወይም ልጅሽን የሚጎዳ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለሰው ተናግረሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።

ፍርሃቱ መንፈሳዊ ክፍልም አለውና እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። በቤተ ክርስቲያንሽ ሥርዓት ሕፃን ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ 40 እና 80 ቀን ሳይጠበቅ እንደሚጠመቅ ይነግሩሻል። 80 ቀን አለፈ ተብሎም የጥምቀት በር አይዘጋም። ልጅሽ ደግሞ እንደጻፍሽልኝ ጤነኛ ናት፣ ጡትም በደንብ ትጠባለች። በዚህ ላይ ሴት ልጅ ወልደሻልና አንቺ ራስሽ እስከ 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አልገባሽም። ቅዳሴው፣ ጠበሉ፣ አብረውሽ የሚያስቀድሱት ሴቶች፣ ሁሉም ቀርተውብሻል። ያን ቀን የምትናፍቂው ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለራስሽም ነው። ይህንን ለባልሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?

ስለ ክርክሩ ብዙ አልልም። አንቺ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር» የሚለውን ዮሐንስ 3፥5 ትጠቅሻለሽ። እሱ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» የሚለውን ማርቆስ 16፥16 ጠቅሶ «ያመነ» ይቀድማል ይላል። አንቺ በሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው የወኅኒ ጠባቂ ከነቤተሰቡ ተጠመቀ ትያለሽ፤ እሱ ሕፃን ነበረ አይልም ይላል። ፕሮቴስታንቶች ራሳቸው በዚህ አይስማሙም። የፕሮቴስታንት እምነት ቀዳሚ መሪዎች ሉተርና ካልቪን ሕፃናትን ማጥመቅ አልተዉም። አምነው የሚጠመቁ ብቻ ይጠመቁ ያሉት ወገኖች በ1525 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ ከከተማው ፕሮቴስታንት መሪ ከዝዊንግሊ ተለዩ። በእኛም አገር መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወትና መሠረተ ክርስቶስ አያጠምቁም። 500 ዓመት ያልተቋጨ ክርክር፣ ጡት ለማጥባት በነቃችሁበት በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አይቋጭም። ለጊዜው ጥቅስ መወራወሩን ተዉት።

ይልቅ አንድ ነገር ልብ በይ። አማትሽ ኦርቶዶክስ ከሆኑ ባለቤትሽ በ40 ቀኑ ተጠምቋል ማለት ነው። አድጎ እምነቱን ሲቀይር ምናልባት እንደገና ተጠምቋል። እናቱ «ልጄን አጥቻለሁ» ሲሉ የሚያለቅሱት ለዚያ ቀን ይመስለኛል። ጥምቀት መድገም በዚህ አገር ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊካዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ ማለታቸው ሕዝቡን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ነበር። ንጉሡ በመጨረሻ የሕዝቡን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በአማትሽ ዓይን የልጃቸው ሁለተኛ ጥምቀት የእሳቸውን እናትነት እንደሻረ ነው። በእሱ ዓይን ደግሞ ልጁን በሕፃንነቷ ማስጠመቅ፣ ከእናቱ ተቀያይሞ የከፈለው ዋጋ ሁሉ ከንቱ ነበር ብሎ እንደመፈረም ነው። እንደማየው የዚህ ጠብ ግማሹ በእሱና በእናቱ መካከል ያለ፣ ሳይነገር የቆየ ሐዘን ነው። ልጅሽ መሀል ገብታለች፣ አንቺም አብረሽ። ስለዚህ የአማትሽን እንባ ወደ እሱ አታመላልሺ። «ከልጅዎ ጋር ራስዎ ይነጋገሩ፤ እኔ ሁለታችሁንም እወዳለሁ» በያቸው።

አሁን ከእሱ ጋር ተነጋገሪ። ልጅቷን ሰው ይያዝላችሁ። ከቤት ወጣ በሉ፣ ስልካችሁን አጥፉ። መጀመሪያ እሱ የሚፈራውን ይንገርሽ፣ አንቺ መልሰሽ በራስሽ አነጋገር ንገሪው፣ «አዎ፣ እንደሱ ነው» እስኪል ድረስ። ከዚያ ተራው ያንቺ ነው። «አንተን ልረታ አይደለም የመጣሁት። ሌሊት ለምን እንደማልተኛ ልነግርህ ነው» ብለሽ ጀምሪ። እጅሽን አፍንጫዋ ሥር እንደምታደርጊ ንገሪው። ላያውቅ ይችላል፤ እሱ ተኝቶ ነው የምትነሺው።

ከዚያ ከባዱን ጥያቄ አንሱ። ልጅቷ 16 ዓመት ሲሆናት «በአባቴ ቤተ ክርስቲያን መጠመቅ እፈልጋለሁ» ብትል ምን ታደርጊያለሽ? አንቺ በጸሎተ ሃይማኖት በአንዲት ጥምቀት አምናለሁ የምትይ ሰው ነሽ። ይህ ለአንቺ ሞት ነው። እሱ ግን ዛሬ እሺ ቢልሽ ተስፋ የሚያደርገው ያንን ቀን ሊሆን ይችላል። «አልከለክላትም» ማለት የማትችዪ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪው። እሱም «10 ዓመት ሲሞላት ከእናቷ ጋር አስቀድሳ ቆርባ ብትመጣ ፊቴን አላጠቁርባትም» ማለት ይችል እንደሆነ ጠይቂው። 80ኛው ቀን የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ይሄኛው 20 ዓመት አብሯችሁ ይኖራል፤ «ሲመጣ እናየዋለን» ስትሉ የዘለላችሁትም እሱን ነው።

ግማሽ ጥምቀት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከሁለት አንዳችሁ ትሸነፋላችሁ። የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ባለቤትሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እለው ነበር። ሁለታችሁ የምታጡት እኩል አይደለም። በአንተ እምነት ውኃው ሕፃኗን አያድናትም፣ ግን አይጎዳትም። ነገ ስለ እምነት ልታስተምራት፣ አብረሃት ልትጸልይ ማንም አይከለክልህም። በሚስትህ እምነት ግን አለመጠመቋ የሁሉ ነገር ማጣት ነው። ይህንን ለእሱ ነው የምለው። አንቺ እንደ መከራከሪያ ብታነሺበት እጅ የመጠምዘዝ ያህል ይሆናል። ከፈቀደ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት።

እምቢ ካለስ? 80ኛው ቀን ይለፍ። ይህን ስጽፍ ምን እንደምልሽ አውቃለሁ፤ ቀላል አይደለም። ግን በግልጽ ነግረሽው የምታልፊው 80ኛ ቀን ነገ ንግግሩን ለመቀጠል መንገድ ይተውልሻል። ንስሐ አባትሽንም፣ እሱ የሚያከብረውን አንድ አስተዋይ ሽማግሌም አስገቡ። ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው ይሁን እንጂ የአንደኛችሁ ጠበቃ አይሁን።

ለእናትሽ ደግሞ «እማዬ፣ አዘዞ አመጣታለሁ፣ ግን ልትስሚያት ነው። ጥምቀቱን እኔና አባቷ ነን የምንወስነው» በያት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ልጅን በእምነት የማሳደግን መብት የሰጠው ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ነው። ትቆጣ ይሆናል። ትንሽ ቀን ስጪያት።

እሺ ካለሽ አንድ ነገር አደራ። የክርስትና እናቷን ስትመርጪ በእምነቷ የጸናች ብቻ ሳትሆን አባቷን የማታንኳስስ ሴት ምረጪ። ልጅቷን እያየች የምታሳድጋት፣ በየበዓሉ ቤትሽ የምትመጣው እሷ ናትና።